መልስ፦ የጥቅስ ቁጥሬ በጉግል ስኮላርና በስኮፐስ ለምን ተራራቀ?

ከደብረ ብርሃን የጠየቅኸው ወንድሜ፣ የኬሚካል ፊዚክስ ጽሑፎችህ በስኮፐስ (የምርምር ጽሑፎችንና ጥቅሶቻቸውን በሚመዘግበው የመረጃ ቋት) አነስ ያለ የጥቅስ ቁጥር፣ ማለትም ሌሎች ተመራማሪዎች የጠቀሱህ ብዛት፣ ማሳየታቸው በከፊል የተለመደ ነው። የጉግል የምርምር ጽሑፍ መፈለጊያ የሆነው ጉግል ስኮላር የመመረቂያ ጽሑፍንና ቅድመ ኅትመትን (በጆርናል ሳይገመገም የተለቀቀ ጽሑፍን) ጭምር ይቆጥራል፤ ስኮፐስ ግን መርጦ ነው የሚይዘው።

ልዩነቱ በጣም ከሰፋ መጀመሪያ ስምህን ጠርጥር። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ አንዱ ጆርናል በአባት፣ ሌላው በአያት ስም ይመዘግባል። «ኃይለ ማርያም» ተነጣጥሎ ከተጻፈማ «ማርያም» ራሱን የቻለ ሌላ ደራሲ ሆኖ ቁጭ ይላል። ስኮፐስ ላይ በሁለቱም ስም፣ በሁሉም የላቲን አጻጻፍ ፈልግና የተበታተኑት የደራሲ መለያዎችህ እንዲዋሃዱ በማስተካከያ ቅጹ ጠይቅ። ባለ 16 አኃዝ የኦርኪድ (ORCID) ቁጥር፣ ማለትም የተመራማሪ መለያ ቁጥር፣ አውጥተህም ጽሑፍ በላክህ ቁጥር አስገባው።

ሌላው ጣጣ የጆርናል ስም ነው። «ጆርናል ኦፍ ኬሚካል ፊዚክስ»፣ «ኬሚካል ፊዚክስ» እና «ኬሚካል ፊዚክስ ሌተርስ» ሦስት የተለያዩ ጆርናሎች ናቸው፤ የጠቀሰህ ሰው ካምታታቸው ጥቅሱ ካንተ ጽሑፍ ጋር ሳይገናኝ ይቀራል። ጽሑፍህን ለሰው ስትልክ ዲኦአዩን (DOI፣ የጽሑፉን ቋሚ መለያ) አብረህ ላክ።

የፊዚክስ ሊቁ ሂርሽ በ2005 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ኤች ኢንዴክስ ላይ አንድ የጠፋ ጥቅስ እንኳ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል። ኤች ማለት እያንዳንዳቸው ቢያንስ ኤች ጊዜ የተጠቀሱ ኤች ጽሑፎች እንዲኖሩህ የሚያስችለው ትልቁ ቁጥር ነው። አምስት ጽሑፎችህ 30፣ 14፣ 9፣ 5 እና 4 ጊዜ ከተጠቀሱ ኤች 4 ነው፤ ለአምስተኛው አንድ ጥቅስ ሲመለስለት 5 ይሆናል። ስለዚህ የማዕረግ እድገት ማመልከቻ ከማስገባትህ በፊት ይህን ማስተካከያ ጨርሰው። ጉግል ስኮላር ላይ ግን የተለያዩ ጽሑፎችን እንደ አንድ ጽሑፍ አታዋህድ፣ ገምጋሚ ካየው እምነት ያሳጣሃል።