የቴሌግራም ቡድኑን ከመክፈትሽ በፊት

እህቴ፣ «ለ9ኛ ክፍል ጂኦግራፊ ተማሪዎቼ የቴሌግራም ቡድን ልክፈት ወይስ ይቅርብኝ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ክፈቺ። እኔም እዚህ ድሬዳዋ ያንኑ ትምህርት ለዚያው ክፍል አስተምራለሁ፤ ያንቺም ክፍል እንደኔው ከ60 በላይ ተማሪ የታጨቀበት መሆኑ አይቀርም። አከፋፈቱን ታውቂዋለሽ። እኔን ያንገበገበኝን ልንገርሽ።

1. ሊንኩን የያዘ ሁሉ እንዳይገባ፣ አባል የሚሆነው አድሚን ሲፈቅድለት ብቻ እንዲሆን አድርጊ። ቴሌግራም ይህን ያስችላል፤ እኔ ግን አላደረግሁትም። ሊንኩን ለክፍል አለቃው ሰጠሁት፣ እሱ ለጓደኞቹ፣ ጓደኞቹ ደግሞ ለሰፈር ልጆች አስተላለፉት። 64 ተማሪ ባለው ክፍል በሁለተኛው ሳምንት 91 አባል ተቆጠረ። የሌላ ክፍል ልጆች ለመማር የገቡ መስሎኝ ደስ አለኝ። አንድ ቀን ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ማንነቱን የማናውቀው ሰው የብልግና ምስል ለጠፈ። እኔ ያየሁት ጠዋት ነው። ለካ ሰውየው ከአባላቱ ዝርዝር ላይ ሴቶቹን እየመረጠ በግል ሲጽፍላቸው ሰንብቷል። ከልጆቹ አንዷ ለሳምንት ከትምህርት ቀረች። እናቷ መጥተው «መምህር፣ ስልኩን የገዛሁላት እኮ እርስዎ ለትምህርት ያስፈልጋል ስላሉ ነው» አሉኝ። ምንም መልስ አልነበረኝም።

2. የርዕሰ መምህሩንና የወላጆችን ፈቃድ በጽሑፍ ያዢ። ነገሩ እንደተሰማ አንድ ጽሕፈት ቤት ጠራኝ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት በረንዳ ላይ አስቀመጡኝ። ስገባ ኃላፊው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ማን ፈቀደልህ?» አለኝ። ልጆቹ ምን እንደደረሰባቸው የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም! በገዛ ገንዘቤ ኢንተርኔት እየገዛሁ፣ ከእንቅልፌ እየቀነስኩ ለሠራሁት ሥራ የደረሰኝ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው። ጥፋቴን አምናለሁ፤ ያ አቀባበል ግን ዛሬም ያበግነኛል።

ከዚያ በኋላ ማስታወሻዬን በቻናል ነው የምለቅቀው፤ በቻናል አባላቱ እርስ በርስ አይተያዩም። ቡድኑም አለ፤ ስማቸውን ከመዝገብ እያመሳከርሁ አስገባቸዋለሁ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን የመጻፍ ፈቃዱን እዘጋለሁ። በቴሌግራም ለሚሰጥ ሥራ ነጥብ አልይዝም፣ ስልክ የሌላቸው አሉና። በ2015 ከየካቲት እስከ ሐምሌ ማኅበራዊ ሚዲያው ሲዘጋ ያየነውን አትርሺ፤ ሁሉንም በወረቀትም ያዢው።

3. ይህን ሁሉ ችዬ ያልተውኩት ከተማችንን አቋርጦ በሚያልፈው በደቻቱ ወንዝ ምክንያት ነው። ስለ ድንገተኛ ጎርፍ ስናጠና፣ ልጆቹ የ1998ቱን ጎርፍ ካዩ የቤተሰብ አባላት የሁለት ደቂቃ ድምፅ ቀድተው እንዲልኩ ጠየቅሁ። ከ200 በላይ ሰው ያለቀበትን ያን ሌሊት ተማሪዎቼ አያውቁትም፤ ገና አልተወለዱም ነበር። አንዲት አያት በሶማልኛ ተናግረው የልጅ ልጃቸው በአማርኛ ተረጎመችው፦ «መጀመሪያ የሰማሁት የውኃ ድምፅ አልነበረም፤ ድንጋይ ከድንጋይ ሲላተም ነው።» በማግስቱ ክፍል ውስጥ ከኋላ የሚቀመጥ፣ አፉን ከፍቶ የማያውቅ ልጅ ተነሥቶ «ድንጋዩን ከየት አመጣው?» አለኝ። ከደቡብ ካለው የሐረርጌ ደጋ እስከ ከተማችን ያለውን ቁልቁለት ሰሌዳ ላይ ሥዬ፣ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ደረቁን የወንዙን አሸዋ እንዴት በድንገት እንደሚሞላው ሳስረዳ ደወሉ ተደወለ፤ ማንም አልተነሣም። በ17 ዓመት የማስተማር ሥራዬ እንዲህ ዓይነት ክፍለ ጊዜ ብዙ አላየሁም።

የአያቷን ድምፅ የላከችው ያች ለሳምንት የቀረችው ልጅ ናት። እናቷ ስልኩን የመለሱላት ለዚያ ሥራ ብለው ነው።

ለወላጆች የምልከው የፈቃድ ደብዳቤ አለኝ። ከፈለግሽው እዚሁ ጻፊልኝ፣ ዛሬ ማታ እልክልሻለሁ።