ቅዳሜ ማታ ቤታችን በተማሪ ይሞላል

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምንኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ባለቤቴ ስድስት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ከቤተ ክርስቲያን ይዞ መጣ፤ ምሳ በልተን ጸለይን። አሁን ቅዳሜ ማታ ሃያ ይሆናሉ። መጽሐፍ ቅዱስ እናጠናለን፣ እንዘምራለን፣ እራት እንበላለን። ደስ ይለኛል፣ ግን ደከመኝ። የጤፉንም ዋጋ አልቻልነውም። ከሁሉ የከበደኝ አንዳንዶቹ እሁድ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትተዋል፤ «የኛ ቸርች እዚህ ነው» ይላሉ። ባለፈው አንዱ «የጌታ እራትም እዚሁ ብንወስድስ?» አለ። ምን ልበላቸው?
የቅዳሜ እናት፣ ከሳቢያን

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ የራሴ የተማሪነት ጊዜ ትዝ አለኝ። ሐረር ነበርኩ፣ ቤተሰቦቼ ሩቅ። አንዲት እናት እሁድ እሁድ ቤቷ ትጠራን ነበር። የዚያን ጊዜ ስብከቶች አብዛኛውን ረስቻቸዋለሁ። አንድ ቀን ግን ሳህን ሳቀብላት ፊቴን አየችና «ምን ሆነሃል?» አለችኝ፣ እዚያው ምድጃው አጠገብ ቆመን ለማንም ያልነገርኩትን የአባቴን ሕመም ነገርኳት። እሱን አልረሳውም።

ስለዚህ በሩን አትዝጊው። ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ አምልኮ አይፈቀድም፣ ዶርም ውስጥ ደግሞ ብቻህን ሆነህ የምታለቅስበት ቦታ የለም። የሰው ቤት የሚያስፈልጋቸው ለዚህ ነው።

የደከምሽው ግን እንግዳ አድርገሽ ስለያዝሻቸው ይመስለኛል። ልጆችሽ ከሆኑ ይሥሩ። ሦስት ሦስት ሆነው በተራ ከሰዓት ቀደም ብለው ይምጡ፤ ወንዶቹም ሽንኩርት ይላጡ፣ ሰሃን ይጠቡ። እመኚኝ፣ ጥናቱ ላይ ዝም የሚል ልጅ ሽንኩርት ሲልጥ ያወራል። ሁሌ እንጀራ በወጥ መሆንም የለበትም፣ አንድ ቅዳሜ ፓስታ፣ አንድ ቅዳሜ ሻይ በዳቦ ይበቃል። ሃያ ሰው ደግሞ ለአንድ ቤት ብዙ ነው። ከቤተ ክርስቲያናችሁ ሌላ ቤተሰብ ፈልጉና ግማሾቹን ይቀበል። (ጎረቤትንም አስቢ። በድሬ ሙቀት መስኮት ዘግቶ መዘመር ስለማይቻል መዝሙሩ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት አይለፍ።)

ወደ ዋናው ልምጣ። የሐዋርያት ሥራ 2፥46ን አብራችሁ አንብቡት። የመጀመሪያዎቹ አማኞች በመቅደስም ይተጉ ነበር፣ በቤትም እንጀራ ይቆርሱ ነበር። ሁለቱም። በደርግ ዘመንም፣ በ1974 ዓ.ም. ከወንጌላውያን አንዷ የሆነችው መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ስትዘጋ፣ ምእመናኑ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ በየቤቱ ይሰበሰቡ ነበር። ስትዘጋ 5,000 ገደማ የነበሩት ሥርዓቱ ሲወድቅ ከ30,000 በላይ ሆነው ወጡ። ቤት ትልቅ ነገር ነው። እነሱ ግን ቤት የገቡት በሩ ስለታሸገባቸው ነው፣ እዚያም ሆነው የሚጠብቋቸው መሪዎች ነበሯቸው። ለናንተ ልጆች ግን የቤተ ክርስቲያኑ በር ክፍት ነው።

ደግሞ ይመረቃሉ። አንዱ ጂንካ፣ አንዱ መቱ ሥራ ያገኛል፤ እዚያ የቅዳሜ እናት ላይኖር ይችላል። ከሽማግሌ፣ ከሚያለቅስ ሕፃን፣ መዝሙሩን ከማይወዱት ሰው ጋር አብሮ ማምለክን እዚህ ካልለመዱ፣ ከምርቃት በኋላ ብቻቸውን ይቀራሉ። ብዙ ጓደኞቼ እንደዚህ ሆነው ጠፍተዋል፣ ሳስበው ዛሬም ያመኛል።

ስለ ጌታ እራት ቁርጡን ንገሪያቸው፦ እሱና ጥምቀት የቤተ ክርስቲያኑ መሪ ሽማግሌዎች ኃላፊነት ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱን ቅዳሜ ጋብዢውና ከልጆቹ ጋር ይብላ፣ ይተዋወቅ። እሁድ ጠዋት ደግሞ ቤታችሁ ተገናኝታችሁ አብራችሁ ሂዱ።

ያንን ጥያቄ ያነሳውን ልጅ ግን በሰው ፊት አትገሥጪው። የሚቀጥለው ቅዳሜ የሽንኩርቱን ተራ ለሱ ስጪውና፣ አጠገቡ ቁጭ ብለሽ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምን እንዳስከፋው ጠይቂው።