«ወሎዬ» ውስጥ ያለችው «ዬ»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው። አንድ የጎጃም ልጅ አብሮኝ ይሠራል። «እኔ ወሎዬ ነኝ» ባልኩ ቁጥር ይስቅብኛል። «እናንተ ደግሞ ራሳችሁን ታቆላምጣላችሁ፤ እማዬ፣ አባዬ፣ ወሎዬ!» ይለኛል። መልስ አጣሁለት። እውነት «ወሎዬ» ቁልምጫ ነው? ሌላ ቋንቋስ እንዲህ ያለ ነገር አለው?
አንባቢ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ መልስ አለው። መጀመሪያ «አንተስ የየት ሰው ነህ?» በለው። «ጎጃሜ ነኝ» ይልሃል። በቃ፣ ተያዘ! የሱ «ሜ» ውስጥ ያለችው «ኤ» እና ያንተ «ዬ» አንድ ናቸው። ጎጃም፣ ጎጃሜ። ጎንደር፣ ጎንደሬ። መንዝ፣ መንዜ። የእኛው ላስታም ላስቴ ይላል። «ወሎ» ግን በ«ኦ» ነው የሚያልቀው። «ወሎኤ» ብለህ ሞክረው፤ ምላስህ ራሱ መሀል ላይ «የ»ን ያስገባታል።

ባልደረባህ ግን ያለ ምክንያት አልሳቀም። ይቺ «ዬ» አማርኛ ውስጥ ብዙ ቦታ ተቀጥራ የምትሠራ ናት። እዚህ ደሴ፣ ሰፈሬ ውስጥ በርበሬ የምትሸጥ ሴትዮ አለች። የራሷን ልጅ «ልጄ፣ ሚዛኑን አምጣልኝ» ትለዋለች። የጎረቤት ልጅ ሲያልፍ ደግሞ «ልጅዬ፣ እስቲ ይቺን አድርስልኝ» ትላለች። ሂሳብ ሳይከፍል የሚሄድ ካየች «ሰውዬው! ኧረ ሰውዬው!» ነው፤ መንገደኛው ሁሉ ይዞራል። «ልጄ» የኔ ማለቷ ነው። «ልጅዬ» መጥሪያ ናት፣ ፍቅርም አለባት። «ሰውዬው» ላይ ያለችውንም ቁልምጫ ናት የሚል ካለ ሂሳብ ሳይከፍል ሄዶ ይሞክራት።

ጎንደሮች በዚህ በኩል ተገላግለዋል። የአገሩን ሰው «ጎንደሬ» ይሉታል፤ ከተማዋን ሲያቆላምጡ «ጎንደርዬ» ይላሉ። ቃሉ በድምፁ ይለያል። እኛ ግን ስማችን በአናባቢ ስለሚያልቅ የወሎ ሰውም፣ የኔ ወሎም፣ የወሎ ቁልምጫም ሁሉም «ወሎዬ» ሆነው ቁጭ አሉ።

እንዴት ይለያሉ ካልክ፣ አብዛቸው። ባለቤትነት የምታሳየው ሁልጊዜ ከብዙ ቁጥሩ በኋላ ነው የምትመጣው፤ ቤት፣ ቤቶች፣ ቤቶቼ። የአገር ሰው የምታሳየው ግን ከብዙ ቁጥሩ ትቀድማለች፤ ወሎዬ፣ ወሎዬዎች። ደግሞ «ወሎዬው መጣ»፣ «ወሎዬዋ መጣች» ይባላል። «ቤቴው ተሸጠ» ያለ ሰው ሰምተህ ታውቃለህ? ጎጃሜው ጓደኛህ ስለ አንተ ሲያወራም «ያ ወሎዬ» ነው የሚልህ። ወሎ የሱ ስለሆነች አይደለም።

ሌላ ቋንቋ ወዳልከው ስመጣ፣ ደስ የሚለኝ ዐረብኛ ነው። «ኪታብ» መጽሐፍ ነው፣ «ኪታቢ» የኔ መጽሐፍ። «ሚስር» ግብፅ ናት፣ «ሚስሪ» ደግሞ ግብፃዊ። አየህ፣ እነሱም ጋ የኔ እና የአገር ሰው ተመሳስለዋል! ልዩነቱ የአገር ሰው የምታመለክተው «ይ» በደንቡ መጥበቋ ነው። ቂርአት ቤት የቀራ ሰው ሸዳ፣ ማለትም የማጥበቂያ ምልክት፣ ያለባት ይልሃል። ለሴት «ሚስሪያ» ሲሆን ጥብቀቷ ገሀድ ይወጣል። የሐዲስ፣ ማለትም የነቢዩ ሙሐመድ ንግግርና ተግባር ዘገባ፣ ሊቁ ቡኻሪም የተጠሩት በትውልድ ከተማቸው በቡኻራ ነው። ዕብራይስጥም እንዲሁ ነው፤ «ሲፍሪ» መጽሐፌ፣ «ይስራኤሊ» እስራኤላዊ።

ወሎም ዐረብኛ ገብታለች። መካ ያስተምሩ የነበሩት፣ በ2013 ዓ.ም. ያረፉት ትልቁ የሐዲስ ዓሊም (ሊቅ) ሸኽ ሙሐመድ ዓሊ ኣደም በኪታቦቻቸው ላይ «አል-ኢትዩቢ አል-ወለዊ» ተብለው ነው የሚጠሩት። ኢትዮጵያዊው፣ ወሎዬው ማለት ነው። ዐረብኛም «ኦ»ዋ ላይ ቅጥያውን ለማስገባት «ወ» ጨመረ፤ እኛ «የ» እንዳስገባነው። ይህን ለባልደረባህ ንገረው፣ ማንም ሸኹ ራሳቸውን አቆላመጡ አይልም።

ግዕዝ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ እንደ «ኢትዮጵያዊ» መጨረሻ ላይ ይቀጥላል። ሌላው ከፊት «ዘ» ያስቀድማል፤ የእኛው የወሎ ቦረና ውስጥ ባለችው በጋስጫ የሚጠሩት ሊቅ አባ ጊዮርጊስ «ዘጋስጫ» ናቸው። ከሚሴ ብትወርድ ደግሞ ኦሮምኛ ምንም ሳይቀጥል «ነመ ወሎ» ይልሃል፤ ሰው እና ወሎ ጎን ለጎን። እኔን ከጠየቅከኝ ከሁሉም ንጹሑ ይሄ ነው፣ ማንም አይሳሳትበትም።

አንዲት ቅጥያ ብዙ ሥራ መያዟ ግን የእኛ ጉድ ብቻ አይደለም። የእንግሊዝኛዋን «ኧር» እያት፤ «ቲቸር» ላይ ሠሪ፣ «ለንደነር» ላይ የአገር ሰው፣ «ቢገር» ላይ ማበላለጫ ናት። እንግሊዝ አይስቅባትም።

ጥያቄ፦ እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። «ደሴዬ ነኝ» ማለት ለምን አይቻልም?
አንባቢ፣ ከደሴ

መልስ፦ እህቴ፣ ይቺ ቅጥያ ሰፋ ያለ አገር ነው የምትወደው። ለከተማ ብዙ ጊዜ «የደሴ ልጅ»፣ «የባቲ ልጅ»፣ «የወልዲያ ልጅ» እንላለን። «አዲስ አበቤ» ግን አፈንግጧል፤ እሱም ትንሽ ሽሙጥ አያጣውም። «ደሴዬ ነኝ» ካልሽ ሰው ግር ይለዋል። «ደሴዬ» ብለሽ ከተማዋን ብትጠሪያት ግን ቁልምጫ ነው፣ እሱን ማንም አይከለክልሽም።