ጂአር86 ወይስ ጎልፍ ጂቲአይ? መጀመሪያ ጎማቸውን እይ

ወንድሜ፣ «ቶዮታ ጂአር86 እና አዲሱ ጎልፍ ጂቲአይ 100 የሚገቡበት ሰከንድ ተቀራራቢ ነው፤ ለየቀን መንዳት በምን ላወዳድራቸው?» ብለሃል። እኔ በዚሁ ጉዳይ ተሸውጄ ገንዘቤን ስላቃጠልኩ ልንገርህ።

1ኛ፦ ያቺን የ0-100 ቁጥር እርሳት። በየመብራቱ ሞተር እያስጮህክ፣ ፍሪሲዮን እያቃጠልክ አትነሳም። ደግሞ አንዳንድ ሞካሪዎች መኪናው የመጀመሪያዋን 30 ሴንቲ ሜትር ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው ሰዓት የሚይዙት። ቁጥሮቹን ከተለያየ ቦታ ከለቀምክ ያወዳደርከው ሰዓት ያዦቹን ነው።

2ኛ፦ ጉልበቱ ሞተሩ በደቂቃ ስንት ዙር ሲዞር እንደሚመጣ እይ። እኔ የገዛሁት ሆንዳ ኤስ2000 ነው። 240 የፈረስ ጉልበት፣ ግን በ8,300 ዙር። ቶርኩ (የሚያዞረው ኃይል) 208 ኒውተን ሜትር፣ እሱም በ7,500። ከቤት ወደ ሥራ ስትሄድ 7,500 ዙር ከየት ታመጣለህ? ሳልገዛው የተውኩት ሰባተኛው ትውልድ ጂቲአይ ግን 350 ቶርኩን ከ1,500 ጀምሮ ይሰጣል። ያንተዎቹም እንዲሁ ይለያያሉ፤ ጂአር86 250ዋን በ3,700፣ አዲሱ፣ ስምንተኛው ጂቲአይ 370ውን ከ1,600 አካባቢ። ሁለቱንም በሦስተኛ ማርሽ ከ50 እስከ 80 ሞክራቸው፣ ይገባሃል።

3ኛ፦ ጎማ። እዚህ ላይ ቁጥሩን ልተወው፤ አንጀቴን የሚያሳርረኝ ይሄ ነው።

ጂቲአዩን የሞከርኩት ጠዋት በዝናብ፣ ኤስ2000ውን ከሰዓት በደረቅ መንገድ ነው። ጂቲአዩ ኩርባ ላይ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ፍሬን ስትይዝ ይንሸራተታል፣ ጎማው ያጓራል። ሻጩን «ጎማው ስንት ዓመቱ ነው?» ብለው «ልትገዛ የመጣኸው መኪና ነው ጎማ?» አለኝ። ሰው ፊት! አፍሬ ዝም አልኩ። «ጂቲአይ ጂቲአይ የሚሉት ይሄንን ነው?» እያልኩ ወጣሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ያንኑ መኪና ጓደኛዬ ገዛው። አራቱንም ጎማ ቀይሮ ቁልፉን ሰጠኝ። ሌላ መኪና! አሮጌዎቹ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ቁጢጥ ብዬ ጎናቸውን ጠረግኩ። ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ 2313 ይላል፤ የፈረንጆቹ 2013፣ 23ኛ ሳምንት። ስምንት ዓመት የደረቀ ላስቲክ ነበር ከአዲስ ጎማ ጋር ያወዳደርኩት። አሁን ማንም ሰው መኪና ሲያሳየኝ መጀመሪያ የምንበረከከው ጎማው ጋ ነው፤ ይሳቁ።

ጂአር86 ራሱ በአንዳንድ ገበያ ባለ17 ኢንቹ በሚሼሊን ፕራይማሲ (ተራ የመንገድ ጎማ)፣ ባለ18ቱ በፓይለት ስፖርት 4 (መንገድ አጥብቆ የሚይዝ የስፖርት ጎማ) ነው የሚወጣው። አንዱን ነድተህ ሌላውን እንዳትገዛ።

እና ሁለቱን በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ ንዳ። ንፋሳቸውንም ጎማው ሳይሞቅ አስለካ። መንገዱን አንተ ምረጥ፤ ጉድጓድም መጨናነቅም ይኑረው። ሻጭ ሁልጊዜ ለስላሳውን መንገድ ያውቀዋል።

ኤስ2000ውን በዓመቱ ከስሬ ሸጥኩት። 8,000 ዙር ላይ የሚያወጣው ድምፅ ግን እስካሁን ይናፍቀኛል። ይሄን ለጓደኛዬ እንዳትነግሩብኝ።