መልስ፦ «እሑድ 6:00 ፒኤም ፒዲቲ» በአዲስ አበባ ስንት ሰዓት ነው?

ወንድሜ፣ የጠየቅኸኝ የሌንሱ ጨረታ ኢቤይ ላይ (የኢንተርኔት መገበያያው ላይ) የሚዘጋው በእኛ አቆጣጠር እሑድ ለሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። እሑድ ማታ 12 ሰዓት መስሎህ እንዳትጠብቅ። ፒዲቲ የካሊፎርኒያ የበጋ ሰዓት ነው፤ ከአዲስ አበባ 10 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። በክረምታቸው ግን ልዩነቱ 11 ይሆናል። በማርች ሁለተኛው እሑድ ሰዓታቸውን ወደ ፊት ሲገፉ ያቃጠለኝ ይህ ነው፦ ስለ አንዲት አሮጌ ሬዲዮ ብዬ ከእንቅልፌ ተነሥቼ፣ ቡናዬን ይዤ 11 ሰዓት ሊሆን ሲል ብከፍተው ጨረታው ከተዘጋ አንድ ሰዓት ሊሞላው ነው! አሁን የተጻፈውን ሰዓት ትቼ «ይህን ያህል ቀረው» የሚለውን ቆጣሪ ብቻ አያለሁ። ደግሞም የመጨረሻ ዋጋህን አስቀድመህ ብታስገባ ኢቤይ ራሱ እስከዚያ ድረስ ይጫረትልሃል፤ መተኛት ትችላለህ።