በቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር የመጀመሪያ በረራ

ጥያቄ፦ ለሁለት ዓመት በኮምፒዩተር ስክሪን ላይ የበረራ ሲሙሌተር (አውሮፕላን ማብረርን የሚያስመስል ፕሮግራም) ስለማመድ ቆይቻለሁ። በቅርቡ የቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር ተውሼ ስሞክር፣ እውነተኛ ኮክፒት ውስጥ የተቀመጥኩ ያህል ቢሰማኝም፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ አቅለሸለሸኝ፤ የመሣሪያዎቹ ቁጥሮችም ደበዘዙብኝ። ልተወው ወይስ ልቀጥል?

መልስ፦ ይቀጥሉ፤ ነገር ግን በግድ አይሁን። ዓይንዎ አውሮፕላኑ ሲያጋድል እያየ፣ ሚዛን የሚጠብቀው የውስጥ ጆሮዎ ግን ምንም እንቅስቃሴ ስለማይሰማው፣ የሁለቱ አለመስማማት ማቅለሽለሽን ያመጣል። የመጀመሪያው ምልክት እንደተሰማዎት መነጽሩን አውልቀው ይረፉ፤ ሕመሙን ችሎ መቀጠል ሰውነትን ከማለማመድ ይልቅ መነጽሩን ያስጠላል። ለጅምሩ ሴስና 172 በተባለው ትንሽ አውሮፕላን ጸጥ ባለ አየር ቀጥ ብለው ይብረሩ። ምስሉ ከጭንቅላትዎ እንቅስቃሴ ወደኋላ ከቀረ ስሜቱ ስለሚብስ፣ የደመናውንና የሕንፃዎቹን ጥራት ቀንሰው ለምስሉ ፍጥነት ቅድሚያ ይስጡ።

ቁጥሮቹ የሚደበዝዙት ብዙውን ጊዜ ሌንሶቹ ከዓይንዎ ትይዩ ሳይሆኑ ሲቀሩ ነው። በሁለቱ የዓይን ብሌኖች መካከል ያለው ርቀት በአዋቂዎች ዘንድ በአማካይ 63 ሚሊ ሜትር አካባቢ ቢሆንም ከሰው ሰው ስለሚለያይ፣ በአዋሹ ልክ የተስተካከለውን መነጽር ወደ ራስዎ ልክ ይመልሱት። ኪቦርዱም ስለማይታይዎት ዋና ዋና ትእዛዞችን ጆይስቲኩ ላይ ያድርጓቸው።

ለማረፍ ሲዞሩ በግራ ትከሻዎ በኩል ዘወር ብለው ማኮብኮቢያውን ይፈልጉት። በስክሪን ላይ ቁልፍ ተጭነው ያዩት የነበረውን አሁን አንገትዎን በማዞር ብቻ ያገኙታል፤ ጎማው አስፋልቱን ሊነካ ሲቃረብም መሬቱ ምን ያህል እንደቀረበ ዓይንዎ ራሱ ይለካዋል። ለእኔ የመነጽሩ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው።