መልስ፦ ኦጉን የጦርነት አምላክ ብቻ ነው?

ኦጉን የጦር አምላክ ከሆነ ሹፌሮችና አንጥረኞች ለምን ያከብሩታል ብለህ ለጠየቅከው፣ ቁልፉ ብረት ነው። የምዕራብ አፍሪካ ሕዝብ የሆኑት ዮሩባዎች እንደሚተርኩት፣ ኦሪሻዎቹ (አማልክታቸው) ወደ ምድር ሲወርዱ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ አገዳቸው፤ በብረት ገጀራው መንጥሮ ያሳለፋቸው ኦጉን ነው። ስለዚህ መዶሻ፣ የመኪና መሪ ወይም የቀዶ ሕክምና ምላጭ የጨበጠ ሁሉ የእሱ ወገን ነው።

መሠዊያውን ቁርጥራጭ ብረትና «ማሪዎ» ከሚባለው የተተለተለ የዘንባባ ለጋ ቅጠል ትለየዋለህ። የሚቀርብለት ውሻ፣ የተጠበሰ ቦዬና የዘንባባ ወይን ነው።

ግን ስለት ወዳጅና ጠላት አይለይም፤ የኦጉን ትልቁ ትርጉም እዚህ ላይ ይመስለኛል። በትረካው ከዘመቻ ኢሬ ወደምትባለው ከተማው ሲመለስ ሕዝቡ መናገር በተከለከለበት ሥርዓት ላይ ነበር። ሰላም የሚለው አጣ፣ የወይን ቅሎቹም ባዶ ሆኑበት። በንዴት የገዛ ሰዎቹን ፈጀ፤ ልቡ ሲመለስ ተጸጽቶ ወደ መሬት ገባ።

ናይጄሪያ ውስጥ የባህላዊው እምነት ተከታይ ፍርድ ቤት ሲቀርብ በመጽሐፍ ፋንታ ብረት ይዞ የሚምለውም ለዚህ ነው፤ በሐሰት የማለውን ያው ብረት ይበላዋል ተብሎ ይታመናል።

ከሌላው ኦሪሻ ከሻንጎ ጋር አታምታታው፤ መብረቅ የሻንጎ ነው። ብራዚል ከሄድክ ደግሞ ሪዮ ዴ ጄኔሮ ላይ ኦጉንን ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር አዛምደው ታገኛቸዋለህ።